ቢስቲማ ላይ ሻሼን ስፈታ

ፀጉር ቤት ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ «ምን ልሥራልሽ?» ስትባሉ መልሱ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? እኔ ለዓመታት መልሴን ሸምድጄ ነበር የምሄደው። መጀመሪያ «ከፊት ትንንሽ ሹሩባ፣ ጠበቅ አድርጊው፣ ዊግ ጨምሪበት» ነበር የምለው። ኋላ ላይ ደግሞ «ሌላውን አትንኪው፣ ሂዩማን ሄሩን ብቻ አስተካክይልኝ» ሆነ። ይህን ሁለተኛውን መልስ ከአንዲት የአዲስ አበባ ፀጉር ሠሪ በስተቀር የሰማው ሰው አልነበረም። እናቴ አታውቅም፣ እህቴ አታውቅም። ባለቤቴም አያውቅም ብዬ አስብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው፤ የሁለት ልጆች እናትና የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግንባሬ በሁለቱም በኩል፣ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ተመልጧል። ይህን አሁን ለእናንተ ስጽፈው እንኳ እጄ ወደ ግንባሬ ሄዷል። ልማድ ነው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ልታገባ ሆነና ልጆቼን ይዤ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ ቢስቲማ ሄድኩ። ለማታውቋት፣ ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ፤ መንገዱ ወደ አፋር፣ ወደ ጭፍራ አቅጣጫ የሚወርደው ነው። ትንሽ ከተማ ናት። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሰው የሚያውቃችሁ በስማችሁ ብቻ አይደለም። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ በልጅነታችሁ ከየትኛው ዛፍ እንደወደቃችሁ፣ ፀጉራችሁ ምን ያህል እንደነበረም ያስታውሳል።

የእኔ ፀጉር ደግሞ ብዙ ነበር። (እርግጥ ይህን የማትል ሴት የለችም። «ድሮ» በተባለው አገር ሁላችንም ፀጉራችን ወገባችን ይደርሳል።) እናቴ ራሳችንን አጥባ፣ ለጋ ቅቤ ቀብታ፣ በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ ትሠራን ነበር። ስትጎትተን ከጮህን በማበጠሪያው ጀርባ ትከሻችንን ቸብ ታደርገናለች። ቢሆንም እጇ ለቀቅ ያለ ነበር። ዋናው ጥፋት የመጣው እኔ ከተማ ገብቼ ገንዘብ መክፈል ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሹሩባ ከተሠራሁ ሁለት ቀን በጎኔ መተኛት አልችልም ነበር። ቅንድቤ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ ይጠብቃል። በፀጉሩ ሥር ትንንሽ ብጉር ይወጣል፤ ለራስ ምታቱ ክኒን እውጣለሁ። ሠሪዋን ግን «ለቀቅ አድርጊልኝ» ብያት አላውቅም። የጠበቀ ሹሩባ ብዙ ይቆያላ! ብዙ ከቆየ ደግሞ ገንዘብ ይቆጥባል። ከሠርጌ በኋላ ሪላክሰር ጀመርኩ። በየስድስት ሳምንቱ ኬሚካል፣ በላዩ ፔስትራ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በሦስተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ሲነሳ ያንን ለመሸፈን ብዬ እንደገና በዊግ ጠበቅ ያለ ሹሩባ ላዩ ላይ አስቀመጥኩበት። ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚመለስ ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ትንሽ ብታገሠው ኖሮ ይመለስ ነበር።

ይህ ችግር ስም እንዳለው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሐኪሞች በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መመለጥ ይሉታል። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ግሪንላንድ ውስጥ ነው። ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴቶች ግንባራቸው ዳር ተመልጦ ታይቷል። ከዚያች የበረዶ አገር ሴቶች ጋር አንድ ዓይነት በሽታ መጋራቴ መጀመሪያ አሳቀኝ፤ የቀረውን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። መጎተቱ ገና በጊዜ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቅባትም ቅቤም አይመልሰውም።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ኬሚካሉ ግንባሬን ካቃጠለኝ በኋላ በሙጫ የሚለጠፍ ሂዩማን ሄር ገዛሁ። ዋጋው የወር ደሞዜን ግማሽ ያህል ነበር። አክስቴ በፀጉር ላይ የሰው ፀጉር መቀጠል በዲን እንደማይወደድ እየነገረች ያሳደገችን ሴት ስለሆነች ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ ሻሼን አጥብቄ አስራለሁ። ሻሽ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

የማይሸፍንበት ጊዜ ግን የሒና ማታ ነው። የእኛ አካባቢ ሠርግ የምታውቁ ይህን ታውቃላችሁ። ወንዶች ከሌሉበት ሴቶቹ ሻሻቸውን ወርውረው ይጨፍራሉ፤ ሙሽራዋ እጅና እግሯን ሒና ትቀባለች፤ አሮጊቶቹ ደግሞ የእያንዳንዷን ልጃገረድ ፀጉር እየዳሰሱ ይመርቃሉ። አክስቶቼ እጃቸው ፀጉራችሁ ላይ ካላረፈ ሰላም ያሏችሁ አይመስላቸውም። በሙጫ የተለጠፈ ፀጉር ደግሞ ያን ሁሉ እጅ አይችልም።

ዕቅዴ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ደሴ ወርጄ፣ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኙት ትልልቅ ፀጉር ቤቶች በአንዱ ሙጫውን አሳድሼ መመለስ ነበር። አልሆነም። የሠርግ ቤት ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል? በርበሬ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ የሚቀበል እንግዳ አለ። በመጨረሻ እናቴ «እዚሁ ሠፈር ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ ከጂዳ የመጣችው» አለችና ከልጄ ጋር ላከችን። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው።

ፀጉር ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ፤ ወንድ እንዳይገባ። ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ አንድ ካስክ፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ግድግዳው ላይ በሹሩባ የተሞላ ፖስተር። ባለቤቷ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። እንደ ብዙ የወሎ ሴቶች ሳውዲ ሄዳ ሰው ቤት ሠርታለች፤ ባጠራቀመችው ገንዘብ ደሴ ተምራ ነው ይህንን የከፈተችው። እኛ ስንገባ ሽበታቸውን በሒና ሊያስቀቡ የመጡ አንዲት እናትና ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር።

«ምን ልሥራልሽ፣ እህት ዓለም?» አለችኝ።

«እኔ ይቆየኝ፤ ልጄን ሥሪልኝ» አልኳት። በልቤ ልጄ እስክትሠራ ምክንያት ፈልጌ እወጣለሁ እያልኩ ነው።

ልጄ ወንበሩ ላይ ወጣችና «እኔ እንደ እማዬ ቀጥ ያለ ነው የምፈልገው» አለች።

«የእማዬ ቀጥ ያለ ነው እንዴ?»

«አዎ! ማታ ማታ ደግሞ ይወልቃል።»

እናንተዬ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው። ልጄ የተናገረችው ነገር ክፉ መሆኑን አታውቅም፤ የጥርስ ብሩሼ ሰማያዊ ነው እንደ ማለት ነው ያለችው። ለአራት ዓመት ከአዋቂ ሁሉ የደበቅኩትን ነገር ልጄ ማታ ማታ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታይ ኖራለች። የሴት ፀጉር የሚወልቅ ነገር ነው ብላ እያደገች ነበር። በዚያች ደቂቃ ካፈርኩት ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ባለቤቷ ምንም አላለችም። መጋረጃውን በሚገባ ዘጋችና ከልጄ አጠገብ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ። ሻሼን ፈታሁ። ሙጫውን በዘይት እያራሰች፣ ሳትቸኩል አነሳችው። ከዚያ ፋኖስ ይመስል ስልኳን አብርታ ግንባሬን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«ሲሠሩሽ ያምሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ብጉር ይወጣብሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም። ጣቴን ይዛ በግራ በኩል አስዳሰሰችኝ። «ይሄ ለስላሳው ይታወቅሻል? ሕይወት አለው። በቀኝ በኩል ግን እይው፣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ቀዳዳ የለውም። ይሄን እመልስልሻለሁ ብዬ ብርሽን አልበላም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም አለ፤ አዲስ አበባም አለርት አለልሽ። ለእሱ አሳዪው።»

እንባዬ መጣ። ይህን ጊዜ እኚያ ሒና የተቀቡት እናት ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ግንባራቸውን አሳዩኝ። ከእኔ የባሰ ነው፤ እስከ መሀል አናታቸው ገላጣ። «በልጅነታችን ሹሩባ ሲያጠብቁብን ነው። እኔ ግን በዚሁ ራስ ስንት ሠርግ ጨፈርኩ መሰለሽ!» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ፤ ምክንያቱም ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው፣ የሒና ማታው ደግሞ ነገ ነው።

መጽሔቶች (ይህቺው መጽሔታችንም ትቅር በለኝና) ስለ ፀጉር አሠራር ሲጽፉ ሁልጊዜ ከፊት ቅርጽ ይጀምራሉ። ፊትሽ ክብ ከሆነ ከላይ ከፍ አድርጊው፣ ረጅም ከሆነ ከጎን አስፊው፣ አገጭሽ ሹል ከሆነ እንዲህ። እሷ ስለ ፊቴ ቅርጽ አንድም ቃል አልተናገረችም። የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው። ነገ ማታ ምን ያህል ትጨፍሪያለሽ? ከሠርጉ በኋላ አዲስ አበባ ማን ይሠራሻል? ሻሽ ስታስሪ ቋጠሮው የት ላይ ያርፋል?

ጥያቄዎቹ መጀመሪያ ግራ አጋቡኝ። ስታብራራልኝ ግን ገባኝ። የሚጨፍር ሰው ያልበዋል፤ በሙቀት የተተኮሰ ፀጉር ላብ ሲነካው ወዲያው ይመለሳል፣ ያን ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል። ራሷን በራሷ መሥራት የማትችል ሴት ደግሞ በየሳምንቱ እጅ የሚፈልግ አሠራር ከመረጠች በሦስተኛው ሳምንት ወደ ዊጓ ትመለሳለች። የሻሹ ቋጠሮ የሚያርፍበት ቦታም ፀጉሩ በየቀኑ የሚታሽበት ቦታ ነው። «ቆንጆ የሚያደርግሽ አሠራር ማለት ሐሙስም ቆንጆ የሚያደርግሽ ነው እንጂ ለቅዳሜ ብቻ አይደለም» አለችኝ።

ከዚያ አስነሳችኝና እሷ ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። ራቅ ብላ አየችኝ። ዙሪ አለችኝ፣ ሳቂ አለችኝ። «ሰው የሚያይሽ ከዚህ ሆኖ ነው። መስታወቱ ውስጥ አፍንጫሽን አስጠግተሽ የምታዪውን ግንባር ካንቺ በቀር የሚያየው የለም።» ይህቺን ምክር ከከፈልኩት ብር ሁሉ አስበልጬ ይዣታለሁ። እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ከመስታወታችሁ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ቆማችሁ ተመልከቱ።

አልባሶ ልሠራ? አልኳት። ወደ ኋላ የሚሄዱ ትልልቅ ሹሩባዎች ለሠርግ የሚያምሩ ናቸው፤ ግን ፀጉሩን ሁሉ ከግንባር ወደ ኋላ ስለሚስቡት የእኔን ቦታ ገልጠው ያሳያሉ፣ ደግሞም ይጎትታሉ። አይሆንም አለች። ፔስትራስ? አይሆንም። ካስክ ውስጥ ገብቼ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ቢሠራስ? «እሱ ጥሩ ነበር» ብላ ገና ካስኩን ስትሰካ መብራት ጠፋ።

የዚያን ቀን መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ምን እንደምመርጥ አላውቅም። ምናልባት ትንሽ አስመስዬ፣ ርዝመቱን ጠብቄ እወጣ ነበር። መብራት ስለሌለ ግን ጊዜ አገኘችና ፀጉሬን እርጥቡን አበጥራ ጫፉን አሳየችኝ። ኬሚካል ከተቀባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ፀጉር በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስለሚያድግ፣ ከሥሩ የበቀለው የራሴ ጥቅልል ፀጉር ወደ አራት ጣት ይሆናል። ከእሱ በታች ያለው ደግሞ የሳሳ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ አሮጌ ክር ነው። «ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ይሄን ጭራ ይዘሽ ስትኖሪ ሥሩንም ይስበዋል። እንቁረጠው» አለች።

በእጇ አገጬ ሥር ለካችው። ትከሻዬን ያልፍ የነበረውን ማለት ነው።

እኚያ እናት ወዲያው «ኧረ ተው! በሠርግ ሳምንት ፀጉር ይቆረጣል እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ድሮ በአገራችን ፀጉሯን የምትቆርጥ ወይም የምትላጭ ሴት ሐዘን የደረሰባት ሴት ነበረች። ፀጉር በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ የሚናገረው ነገር አለው። ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ የሚሉት ቃላት የአሠራር ስም ብቻ አልነበሩም፤ ልጅየዋ የት ዕድሜ ላይ እንዳለች፣ ለጋብቻ እንደደረሰች ወይም እንዳልደረሰች የሚናገሩ ነበሩ። ወንዱም ቢሆን የአፄ ቴዎድሮስን ሹሩባ በሥዕል ያላየ ማን አለ? እና እኔ በእህቴ ሠርግ ዋዜማ ተቆርጬ ብገባ እናቴ ምን ትላለች? አክስቶቼ ምን ያወራሉ? ሙሽራዋ ክፉ ገድ አድርጋ ብትወስደውስ?

እንዳልቆርጥ ወሰንኩ። በእውነት ወስኜ ነበር። ይህን ጊዜ ልጄ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ «እማዬ፣ የእኔን ቀጥ አድርጋ ስትሠራው ያማል?» አለችኝ።

ለስምንት ዓመት ልጅ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ያማል ልበላት? ታዲያ አንቺ ለምን ትሠሪያለሽ ትለኛለች። ስለዚያ ኬሚካል ያነበብኩትን ለእሷ መናገር አልችልም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ሴቶች በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በሽታው ራሱ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ስለሆነ አትደንግጡ፤ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ ካልተጠቀሙት ሴቶች 1.64 በመቶ፣ አዘውትረው ከተጠቀሙት 4.05 በመቶ የሚሆኑት ይያዛሉ ብለው ነው የገመቱት። ኬሚካሉ ምክንያቱ ነው ብለውም በእርግጠኝነት አልደመደሙም። እኔ ግን በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ፣ ለስንት ዓመት ነው የተቀባሁት! ገና ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ከእኔ አይታ ይህንኑ ልትጀምር ነው።

«ቁረጪው» አልኳት።

የመቀሱን ድምፅ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ፊትን ከግራ በኩል ዝቅ አድርጋ ከፈለችውና የበዛው ፀጉር ወደ ቀኝ፣ ወደ ተጎዳው ቦታ እንዲወድቅ አደረገች። እርጥቡን በትልልቅ ቢጎዲን ጠቀለለችው። ጥቅልሉ የራሴን ፀጉርና የቀረውን ቀጥ ያለ ጫፍ አንድ ያስመስለዋል፤ መገናኛው አይለይም። መብራት ስለሌለ በጓሮ በኩል አወጣችን። በቆርቆሮው አጥር ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ እኔና ሁለቱ ተማሪዎች ቢጎዲን በራሳችን፣ እኚያ እናት ሒና በራሳቸው ሆነን ቡና ጠጣን። እንደዚያ ያለ ካስክ አዲስ አበባ የለም።

ልጄን አራት ትልልቅ፣ ለቀቅ ያለ ጉንጉን ሠራቻት። ከመጀመሯ በፊት ማበጠሪያዋን በፈላ ውሃ አጥባ ነው፤ ለልጆች ቆረቆር ከማበጠሪያ ይተላለፋልና ይህን የማታደርግ ሠሪ ካጋጠመቻችሁ ማበጠሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመሀል በመሀል «ያምሻል?» እያለች ትጠይቃታለች። ልጄ አንድ ጊዜ «እዚህ ጋ» ስትላት ፈታ እንደገና ጀመረችው። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ያላልኩትን ቃል ልጄ በአንድ ከሰዓት ተማረችው።

ቢጎዲኑ ሲፈታ ምን መሰልኩ? በእውነት ለመናገር መጀመሪያ አላወቅኩትም። ክብ ብሎ ጆሮዬን ሸፍኖ አገጬ ላይ ያበቃል። አንገቴ ረዘመ። ቀኝ በኩል ቦታው አለ፤ ነፋስ ቢመጣ ይታያል። ነገር ግን ሰው የሚያየው ዓይኔን ሆነ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቆሜ አየሁት፣ ወደድኩት።

ቤት ስገባ ግን ጉልበቴ ከድቶኛል። እናቴ ሻሼን ስፈታ ድስቱን ትታ ዞረች። ልትቆጣኝ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ቀረብ ብላ ፀጉሩን በእጇ ገለጥ አደረገችና ቀኝ በኩል ያለውን አየች። አውራ ጣቷን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አቆየችው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻሽን?» አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ወደ ድስቷ ተመለሰች። በሒና ማታው አንደኛዋ አክስቴ «ምነው ሐዘን አለባት እንዴ?» ስትል ሰምቼ ገና ሳልደነግጥ እናቴ ከወዲያ ጥግ «ሠርግ ነው ያለባት፤ ተነሺና ጨፍሪ!» አለቻት። ሙሽራዋ እህቴ ደግሞ ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኳት ነው የተቆጣችኝ፤ እሷም ለሠርጓ ጠበቅ ያለ ሹሩባ ተሠርታ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ሲያማት አድሯል። ሁለታችን ቁጭ ብለን የፊቱን መስመር ፈታንላት፤ ማለዳ እንደገና ላላ ተደርጎ ተሠራ። ቬሉ ሸፈነው።

ለባለቤቴ በቪዲዮ ደውዬ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየኝና «አማረብሽ» አለ። ቀጥሎ «ሙጫው ከእንግዲህ ትራሱ ላይ አይለጠፍም ማለት ነው?» አለኝ። ለካስ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። አንቺ ካልነገርሽኝ ብዬ ነው አለ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ እስካሁን አልወሰንኩም፤ እንደ ቀኑ ይለያያል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟም ያችው ሴት ያለችውን ነው የደገመችልኝ፤ ግራው ተስፋ አለው፣ ቀኙ ጠባሳ ነው፣ ከሁሉ በፊት መጎተትና ኬሚካል ይቁም። የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችኝ። ሻሼን አሁን ቋጠሮውን ወደ ታች አውርጄ፣ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ አድርጌ አስራለሁ። ሂዩማን ሄሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልጄ አንዳንዴ ለአሻንጉሊቷ ታውሰዋለች።

በየወሩ መጨረሻ ግንባሬን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ወደ ቢስቲማ እልካለሁ። ባለፈው ሳምንት የላከችልኝ መልስ ይኸውና፦ «ግራው ጣት የሚይዝ ደርሷል፣ ማሻ አላህ። ቀኙን ተዪው፣ አትነካኪው። የልጅቷንስ ማን እየሠራት ነው?»